አያትዎን በአንድ ስም ብቻ አይፈልጓቸው

ጅማ ላይ የዘር ሐረግ የምታሰባስቡ ካላችሁ፣ ሽማግሌ ከመጠየቃችሁ በፊት ሣጥኑን ፈትሹ፦ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውል፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ በቁርዓን ሽፋን ውስጥ የተጻፈ የልደት ቀን።

ነገሩ የሚበላሸው ስም ላይ ነው። በጅማ አካባቢ አንድ ሰው ከልደት ስሙ ሌላ «አባ» እገሌ የሚል መጠሪያ ይኖረዋል። ደረሰኙ በአንዱ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ወረቀት በሌላው ሲጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ይሆንና ሐረጉ ላይ የሌለ ትውልድ ይጨመራል። ክርስቲያን ከሆኑ የክርስትና ስምም አለ። በዚያ ላይ የኦሮምኛው ዸ በድሮ ጸሐፊዎች እጅ ደ ሆኖ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጡና ስሞቹን ሁሉ፣ ከየትኛው ወረቀት እንደተገኙ ጭምር፣ እንደተጻፉ ገልብጡ። «ማስተካከል» ኋላ ይደርሳል።

ዕድሜ አትጠይቁ፤ ግምት ነው የምታገኙት። «ጣሊያን ሲገባ (1928) ከብት ይጠብቁ ነበር?»፣ «የገጠር መሬት ሲታወጅ (1967) ትዳር ይዘው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ፓስፖርት ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ላለው 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ቀንሱ።

አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ከሄዳችሁ ደግሞ «ጅማ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ከተማዋ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች በ«ከፋ»ም አስፈልጉ።

ወረቀቱን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንሱት፤ ላሚኔት ግን አታስደርጉት፣ ሙቀቱ የሚያጣብቀው ፕላስቲክ ኋላ ሲላቀቅ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል።