ከስሙ በፊት ጀርባውን፦ የድሮ ማንዋል ሌንስ መሰብሰብ ለምታስቡ

ሰው አሮጌ ሌንስ ሲያቀብለኝ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። ፊት ለፊት ያለው ቀለበት ላይ ምን ስም እንደተጻፈ ቆይቼ አነበዋለሁ። ስም ያጓጓል፤ ሌንሱ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከኋላው ነው።

ሱፐር ታኩማር 50ሚሜ ኤፍ1.4ን እንውሰድ። (ሚሊሜትሩ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።) የጃፓኑ አሳሂ ለፔንታክስ ካሜራዎቹ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የመጀመሪያው ስሪት ውስጡ ስምንት መስታወት አለው። ብዙም ሳይቆይ በባለ ሰባቱ ተተካ። ስማቸው አንድ፣ መልካቸውም አንድ ነው። ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። ባለ ስምንቱን ስትገለብጡት የኋላ መስታወቱ ጎበጥ ብሎ ወጣ ይላል። ቀጥሎ ከፎከስ ቀለበቱ አጠገብ ካሉት ቁጥሮች መሃል ለኢንፍራሬድ ፊልም የተሰመረችውን ትንሽ ቀይ መስመር ፈልጉ። በባለ ስምንቱ ላይ በቀኝ በኩል ካለው 4 ቁጥር አልፋ ትገኛለች፤ በባለ ሰባቱ ላይ ከ4 ወደ መሃል ትጠጋለች። ይቺን መስመር የሚያውቅ ሰው ከተራዎቹ መሃል ብርቁን ለቅሞ ይወጣል።

ብርቅ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ጥቂት ብቻ የተሠራ ሌንስ ነው። እሱማ አለ። የጀርመኑ ካርል ዛይስ በ1960ዎቹ ለናሳ ብሎ የሠራው ፕላናር 50ሚሜ ኤፍ0.7 በዓለም ላይ 10 ብቻ ነው። እሱን መመኘት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለእኔ ቢጤ ሰብሳቢ የሚሆነው ብርቅ ሌላ ነው። በብዛት ከተሠራ ሌንስ ውስጥ ቀድሞ የወጣው ስሪት፣ ወይም ብዙ እጅ አልፎም ንጹሕ ሆኖ የተረፈው። ሄሊዮስ 44 በሚሊዮን ተመርቷል። ሶቪየቶች የዛይስን ባዮታር 58ሚሜ ኤፍ2 ተከትለው የሠሩት ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ ብርማዎቹ፣ 13 የአፐርቸር ምላጭ (የብርሃን ቀዳዳውን የሚያጠቡና የሚያሰፉ ስስ ብረቶች) አላቸው። በየቦታው የሚገኘው 44-2 ደግሞ 8። ምላጮቹን ቁጠሩ፤ የያዛችሁትን ታውቃላችሁ።

አጥር አብጁለት

ሁሉንም እሰበስባለሁ ያለ ሰው መጨረሻው መሳቢያ ሙሉ ብረት ነው። በአንድ ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ በሚገጠምበት አንድ ዓይነት መቀመጫ ጀምሩ። እኔ የኤም42 ሰው ነኝ። ይህ ማውንት 42ሚሜ ስፋት ያለው ተራ የብሎን ጥርስ ነው፤ ሌንሱን አዙሮ ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1949 ከድሬስደኑ ኮንታክስ ኤስ ጋር ወጣ። ከዚያ ምሥራቅ ጀርመንም፣ ጃፓንም፣ ሶቪየት ኅብረትም ተጠቀሙበት። ስለዚህ ሌንሱን ከሌላ ማውንት ካሜራ ጋር የሚያገናኝ አንድ አዳፕተር ገዝታችሁ የሦስት አገር ሌንስ ትሞክራላችሁ።

አዳፕተሩ ራሱ ባዶ ቱቦ ነው። እያንዳንዱ ማውንት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ድረስ የራሱ ርቀት አለው። የኤም42 45.46ሚሜ ነው። የሶኒ ኢ ማውንት 18ሚሜ። ልዩነቱን 27.46ሚሜ ርዝመት ያለው ቱቦ ይሞላዋል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ውስጣቸው ምስሉን ወደ ዓይን የሚያንጸባርቅ መስታወት ባላቸው ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ላይ ነው። የኒኮን ኤፍ ርቀት 46.5ሚሜ ስለሆነ ለቱቦው ቦታ የለም። ኤም42 ሌንስ እዚያ ላይ ሩቅ ያለውን ነገር ጥርት አድርጎ አያነሳም። ካኖን ኢኤፍ 44ሚሜ በመሆኑ ለጥቂት ያመልጣል።

የካኖን ኤፍዲና የሚኖልታ ሌንሶች ለረጅም ጊዜ ፈላጊ ያጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ርቀታቸው 42 እና 43.5ሚሜ ነው፤ ከካኖን ኢኤፍም ያንሳል። የዲኤስኤልአር ዘመን ጨርሶ ረስቷቸው ነበር። ከ2008 ጀምሮ ያ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው ሚረርለስ ካሜራ ሲመጣ ነፍስ ዘሩ። ዛሬም ቢሆን ከስማቸው በላይ የሚሠሩ ሌንሶች ከነሱ ውስጥ ይገኛሉ። አዲስ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከላይካ በፊት ሚኖልታን እለዋለሁ።

በእጅና በብርሃን መመርመር

ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኪሴ ውስጥ የማትጠፋ አንዲት ትንሽ የእጅ ባትሪ አለች። ባትሪ ከሌላችሁ የስልክ መብራት ይበቃል። ከብርሃኑ በፊት ግን እጅና ጆሮ።

ሌንሱን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የፎከስ ቀለበቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ጥሩ ሌንስ ወጥ በሆነ ክብደት ይዞራል። ከከበደ ግሪሱ ደርቋል። ባዶ ሆኖ ከተንሸራተተ ግሪሱ አልቋል፣ ወይም ሄዶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። መሃል ላይ ያዝ የሚያደርገው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወድቆ ያውቃል። የፊልተር ጥርሱን በጣት ዳብሱት፤ ስርጉዱን ዓይን ሲስተው ጣት ያገኘዋል።

ከዚያ አፐርቸሩ። ኤም42 ላይ አውቶ የሚባሉት ሌንሶች ከኋላቸው ትንሽ ፒን አላቸው። አፐርቸሩን ኤፍ16 ላይ አድርጋችሁ ፒኗን በጣት ተጫኑ። ምላጮቹ ቀጭ ብለው መዘጋት፣ ስትለቁ ቀጭ ብለው መከፈት አለባቸው። እኔ ጋ ያለው የካርል ዛይስ የና ፍሌክቶጎን 35ሚሜ ኤፍ2.4 ሲመጣ ፒኑ ሲጫን ምላጮቹ እየተጎተቱ ነበር የሚዘጉት። አጋድሜ ባትሪ ሳበራበት ምላጮቹ ላይ የተንጣለለ ዘይት ያብረቀርቃል። የዚህ ሌንስ የታወቀ በሽታው ነው፤ ግሪሱ ይሟሟና ወደ ምላጮቹ ይሄዳል። ባለሙያ ፈትቶ ያጸዳዋል፤ የዋጋ ድርድሩ ላይ ግን መቆጠር አለበት። አፐርቸራቸው በእጅ ብቻ የሚዘጋ የቆዩ ፕሪሴት ሌንሶች ላይ ያው ዘይት ቢገኝ ብዙም አያሳስበኝም። በስፕሪንግ ቶሎ መዘጋት አይጠበቅባቸውማ።

አሁን መስታወቱ። አፐርቸሩን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ባትሪውን ከኋላ አብሩ፤ እናንተ ከፊት ሆናችሁ ተመልከቱ። ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሉት፤ ቀጥታ የመጣ ብርሃን ዓይንን ያጭበረብርና ምንም አያሳይም። በዚህ ብርሃን ማንኛውም አሮጌ ሌንስ አስቀያሚ ነው፤ አትደንግጡ። አቧራ ምንም አይደለም። በድሮ መስታወት ውስጥ የምታዩት ትንሽ የአየር አረፋም ጉዳት የለውም። ፈንገስ ግን ከመስታወቱ ጠርዝ ተነሥቶ እንደ ሥር ቀጫጭን ቅርንጫፍ እየሰደደ ወደ መሃል ይገባል። ገና ጠርዝ ላይ ያለ ከሆነ ይጸዳል። ቆይቶ የመስታወቱን ስስ ሽፋን፣ ኮቲንጉን፣ ከበላው ፈንገሱ ቢጠፋም ጠባሳው አይጠፋም።

ጭጋግ ከፈንገስ ይለያል፤ መላ ገጹን የሚሸፍን ወጥ ነጣ ያለ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከተነነ ግሪስ ይመጣል። በተራ ብርሃን ምንም አይታይም። ፀሐይ ወይም መብራት ፊት ለፊት ሲሆን ግን ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ሁለት መስታወቶች የተጣበቁበት ሙጫ ከለቀቀ ደግሞ ጠርዝ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ግማሽ ጨረቃ ታያላችሁ። ይሄ ጥገናው ከባድ ነው፤ ሌንሱ እጅግ ብርቅ ካልሆነ እኔ እተወዋለሁ። ጭረት ላይ ሕጌ አጭር ነው። የፊት መስታወት ላይ ያለ አንድ ቀጭን ጭረት ፎቶ ላይ አይወጣም። የኋላው ላይ ያለ ግን ይወጣል።

በመጨረሻ ብሎኖቹን እዩ። ጭንቅላታቸው የተበላ ከሆነ አንድ ሰው በማይሆን ካቻቢቴ ታግሎባቸዋል። የጃፓን ሌንስ የሚፈታው ጂስ በሚባለው ካቻቢቴ ነው፤ ተራው ባለ መስቀል ያበላሸዋል። ተፈትቶ የተገጠመ ሌንስ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ግን መስታወት ተገልብጦ ተገጥሞ ሊሆን ስለሚችል ፎቶ ሳታነሱበት ገንዘብ አትስጡ።

በእጅ ሳይዙ መግዛት

ከሩቅ ከሆነ የምትገዙት ሦስት ፎቶ ጠይቁ፤ ባትሪ ከኋላ በርቶበት የተነሣ፣ ጀርባው፣ ምላጮቹ ተዘግተው። ይህን የማይልክ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ ነው የማስበው። «ከዕድሜው አንጻር ንጹሕ» ምንም አይነግራችሁም። «እኔ ካሜራ አላውቅም፣ አልሞከርኩትም» ከሚለው ጋር ስትደራደሩ ሌንሱ የማይሠራ እንደሆነ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ።

ማስመሰልም አለ። የሶቪየት ሌንሶች ስማቸው ተፍቆ ላይትስ (የላይካ ሠሪ) ወይም ዛይስ ተብለው ይሸጣሉ። ጁፒተር 3 ራሱ ከዛይስ ሶናር የተወለደ ስለሆነ መልኩ ይመሳሰላል። የፊደሉን ቅርጽ፣ የቁጥሮቹን አጻጻፍና ጀርባውን ከታወቀ እውነተኛ ሌንስ ፎቶ ጋር አነጻጽሩ። በሌላ በኩል «አውስ የና» (ከየና ከተማ) ብቻ የተጻፈበት ሌንስ ስታዩ ሐሰት ነው ብላችሁ አትለፉት። ከጦርነቱ በኋላ ዛይስ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፈለ፤ በስሙም ተካሰሱ። የምሥራቁ ዛይስ ስሙን መጠቀም ወደማይችልባቸው አገሮች ሲልክ የከተማውን ስም ብቻ ይጽፍ ነበር። መስታወቱ ያው ነው።

ዓመቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ በብዙ የሶቪየት ሌንሶች ላይ የሴሪያል ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ዓመቱ ናቸው። 78 ብሎ የሚጀምር የ1978 ነው። የካኖን ኤፍዲ ሌንሶች ደግሞ ጀርባቸው ላይ በፊደል የሚጀምር ትንሽ ኮድ አላቸው። የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል 1960 ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ፊደል ይጨምራል። ከ1985 በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

በፋሽን የተወደደ ሌንስ ላይ አትሯሯጡ። የሜየር ጎርሊትዝ ትሪዮፕላን 100ሚሜ ኤፍ2.8 ሦስት መስታወት ብቻ ያለው ቀላል ሌንስ ነው። ከኋላ ያሉ የብርሃን ነጥቦችን ክብ አረፋ ስለሚያደርግ ሰው አበደለት። ደስ ይላል፤ ግን ባለ ሦስት መስታወት ፕሮጀክተር ሌንሶችም ተመሳሳይ አረፋ ይሠራሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

ቢጫ ስለሆኑት

ባለ ሰባቱ ታኩማር ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ ነው የሚገኘው። መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም አለ፤ ቶሪየም ደግሞ ራዲዮአክቲቭ ነው፣ በዓመታት ብዛት መስታወቱን ያጠይመዋል። ይሄ ቢጫ ቆሻሻ አይደለም፤ በመጥረግ አይለቅም። የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ስታቆዩት ይነጣል። ከሥሩ አሉሚኒየም ፎይል አደርጋለሁ፣ ብርሃኑ እንዲመለስ። ፀሐይም ይሠራል፤ ግን ክፍት ሌንስ መስኮት ላይ ትቶ መሄድ ቤት ያቃጥላል፣ አጠገቡ ሁኑ። ጨረሩ ደካማ ነው፤ ካሜራ ላይ ገጥሞ ማንሣት አያሰጋም። መስታወቱን መፈግፈግ ወይም ዓይን ላይ አስጠግቶ እንደ ማጉያ መጠቀም ግን አይገባም።

ሙከራና ማስቀመጥ

ካሜራችሁ ሌንስ አልተገጠመም ብሎ እንቢ ካለ፣ ያለ ሌንስ ማንሣትን የሚፈቅደውን ሜኑ ክፈቱ። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ካለው የሌንሱን ሚሊሜትር ራሳችሁ አስገቡለት። ሲፈትሹ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍቶ ሩቅ ያለ ነገር ማንሣት፣ አራቱን ማዕዘን አጉልቶ ማየት። አንዱ ማዕዘን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ውስጥ የተጣመመ ነገር አለ፤ ግን መጀመሪያ አዳፕተሩን ቀይሩ፣ ጥፋቱ የርካሽ አዳፕተር ሊሆን ይችላል። አራቱም እኩል ከደበዘዙ የዘመኑ ባሕርይ ነው። ካሜራው ጥርት ያለውን ቦታ የሚያቀልምበትን የፎከስ ፒኪንግ ቀለም ብዙ አትመኑት፤ ኤፍ1.4 ላይ አጉልቶ ማየት ይሻላል።

ማስቀመጫው ቀላል ነው። ፈንገስ የሚወደው እርጥበት ነው። ከ60 በመቶ በላይ አታድርሱት፤ ከ40 እስከ 50 ያለው ይመረጣል። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን፣ ውስጡ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል፣ አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ። አብሮት የመጣው የቆዳ ቦርሳ ያምራል፤ ቆዳ ግን እርጥበት ስለሚይዝ ለየብቻ ይቀመጥ። ሌንሶቹን አልፎ አልፎ አውጥታችሁ አንሡባቸው፣ ቀለበቶቹ ይዙሩ።

ለእያንዳንዱ ሌንስ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ስጡት። ሴሪያል ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቀን፣ የባትሪ ብርሃን ፎቶው፣ ያሉበት ጉድለቶች። የተሻለ ስታገኙ አሮጌውን የምትሸጡት ከዚያ ገጽ ላይ እያነበባችሁ ነው። ፈንገሱንም፣ ጭረቱንም ጻፉለት፤ ገዢው ጀርባውን ገልብጦ ማየቱ አይቀርም።