ቀይ ሁሉ ጨቅላ አይደለም፦ የተደበቁ ግዙፍ ኮከቦችን ስትፈልጉ የሚገጥም ችግርና መፍትሄ

የምንፈልገው ጨቅላውን፣ ማለትም በአቧራ ደመና ውስጥ ተደብቆ ገና በመወለድ ላይ ያለውን ግዙፍ ኮከብ ነው። ግዙፍ የምንለው ከፀሐይ 8 እጥፍ በላይ የሚከብደውን ነው። አቧራው የኮከቡን ብርሃን ውጦ በኢንፍራሬድ መልሶ ይለቀዋል፤ «ቀይ» የምንለውም በረጅሙ የኢንፍራሬድ ሞገድ ይበልጥ የሚደምቀውን ነጥብ ነው። ይህን ያዙና ቀይ ነጥብ ስታገኙ ወደሚገጥሟችሁ ችግሮች ልለፍ።

ነጥቡ በ21 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ደማቅ፣ በ8 ደብዛዛ፣ ዙሪያው ግን ባዶ። አዛውንት ነው። ሊሞት የደረሰ ኮከብ የራሱን አቧራ ተከናንቦ ሸውዷችኋል። የአሞኒያ መስመር (ጋዙ በሬዲዮ የሚተወው የራሱ ምልክት) ፈልጉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጋዝ ከሌለ ሰርዙት።

በ5 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ጎልቶ ይታያል። ወይ ኮከቡ በዙሪያው ካለው ጋዝ ኤሌክትሮን መንጠቅ (አዮን ማድረግ) ጀምሯል፣ ወይ ፕላኔታዊ ኔቡላ፣ ማለትም ሊሞት የደረሰ ኮከብ የጣለው ጋዝ ነው። ደካማ ሬዲዮ ካያችሁ ግን አትጣሉት! ጨቅላው የሚተፋው ጄት (ቀጭን የጋዝ ፍንጥቅታ) ሊሆን ይችላል።

ድምቀቱ አልጨበጥ አለ። ይሄ ነው ያሰለቸኝ። የኮከቡን ትክክለኛ ድምቀት ለማስላት ርቀቱ ያስፈልጋል፤ ርቀቱን የምናወጣው ደግሞ ኮከቡ ካለበት የጋዝ ደመና ፍጥነት ነው። ከፀሐይ ምህዋር ወደ ውስጥ ባለው የጋላክሲው ክፍል ግን አንድ ፍጥነት ሁለት ርቀት ይሰጣል። ቅርቡ 12,000፣ ሩቁ 36,000 የብርሃን ዓመት ነው እንበል። ርቀቱ 3 እጥፍ ሲሆን የምናሰላው ድምቀት 9 እጥፍ ይሆናል። በቅርቡ ርቀት እንደ 2,000 ፀሐይ የሚደምቀው በሩቁ ርቀት 18,000 ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዱ መካከለኛ ኮከብ ነው፣ ሌላው የለየለት ግዙፍ።

ሁለቱን ርቀቶች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው አይቻለሁ። ኧረ በፈጠራችሁ! እዚያ መሃል ላይ ደመናው የለም፤ ቢኖርማ ፍጥነቱ ሌላ ይሆን ነበር።

መፍትሄው የ21 ሴንቲሜትር የሃይድሮጂን መስመር ነው። ደመናው ቅርብ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ቀዝቃዛ ሃይድሮጂን ከበስተኋላው በዚያው ፍጥነት የሚጓዘውን የሞቃቱን ሃይድሮጂን ብርሃን ይውጣል። መስመሩ ላይ ጉድጓድ ይታያል። ሩቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጉድጓድ የለም። ጉድጓዱ ግን ከደመናው የካርቦን ሞኖክሳይድ መስመር ከምናነበው ፍጥነት ጋር መግጠም አለበት። እኔ አንዴ ጉድጓድ አየሁና ፈንጥዤ «ቅርብ» ብዬ ጻፍኩ። ለካ በሴኮንድ 6 ኪሎሜትር ይራራቃሉ፤ የሌላ ደመና ጉድጓድ ነበር። የወራት ስሌት ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን መስመሮች አንድ ገጽ ላይ ሳልደራርብ አንድም ርቀት አልጽፍም።

የ6.7 ጊጋኸርዝ የሜታኖል ሜዘር (የሜታኖል ጋዝ እንደ ሌዘር አጉልቶ የሚለቀው የሬዲዮ ጨረር) ካገኛችሁማ ተገላገላችሁ። ግዙፍ ኮከብ የሚወለድበት ቦታ ምልክት ነው፤ በፓራላክስ፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ስትዞር ነጥቡ በሚያሳየው ትንሽ የቦታ ለውጥ፣ ርቀቱን በቀጥታ ትለካላችሁ። ሜዘር አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም።

አንዱ ነጥብ ሁለት ሆነ። በኤምኤስኤክስ (የኢንፍራሬድ ሳተላይት) ምስል 18 አርክሰከንድ (አንድ አርክሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ውስጥ ያለው ሁሉ ይጨፈለቃል፤ ይበልጥ አጥርቶ ያይ በነበረው በስፒትዘር የጠፈር ቴሌስኮፕ የተቀመጡ ምስሎች ላይ ድጋሚ እዩት።