«ትናንት አይቼዋለሁ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር

ችግሩ። ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ በማርማቸው ደብተሮች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ስህተት «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚል ነው። ግሡ በትክክል ተረብቷል፣ የቃላቱም ቅደም ተከተል አልተዛባም፤ ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሩ በእንግሊዝኛ ትክክል አይደለም።

መንስኤው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ አንዳች እንከን የሌለበት አነጋገር ስለሆነ፣ «አይቼዋለሁ»ን ከ«ሃቭ ሲን» ጋር አቻ አድርጎ ያጠና ተማሪ «ትናንት»ን ሲጨምርበት ምንም አይጎረብጠውም። የእንግሊዝኛው «ሃቭ ሲን» ግን ድርጊቱን ከአሁኑ ጊዜ ጋር የሚያያይዝ በመሆኑ፣ እንደ «የስተርደይ» እና «ላስት ዊክ» ካሉ ያለቀ ጊዜን ከሚጠቁሙ ቃላት ጋር አብሮ አይሄድም።

መፍትሄው። ያለቀው ጊዜ ከተጠቀሰ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ይባላል፤ ጊዜው ካልተጠቀሰና ዋናው ጉዳይ ማየቱ ብቻ ከሆነ «አይ ሃቭ ሲን ሂም» ይበቃል። («ቱደይ» ቀኑ ገና ስላላለቀ ከሁለቱም ጋር ሊገባ ይችላል።)

ይኸው ልዩነት ከደብተር ወጥቶ እንጀራን የሚነካበት ጊዜ ስላለ አጥብቄ አስተምረዋለሁ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የቀረበች ወጣት፣ ደሴ ያለውን ሥራዋን ገና ሳትለቅ «አይ ወርክድ ኢን ደሴ ፎር ስሪ ይርስ» ብትል፣ ጠያቂው ሥራውን እንደተወችው አድርጎ ይረዳታል። «ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ» የሚለው አማርኛ መልቀቅንም አለመልቀቅንም ክፍት አድርጎ ስለሚተው፣ ስህተቱ ለተናጋሪዋ አይታያትም። እኔ የምመክረው ፈተና ሐሳቡን «ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው» ብሎ መለወጥ ነው፤ እውነትነቱን ሳያጣ ከተለወጠ የሚያስፈልገው «አይ ሃቭ ወርክድ» ነው፣ ካልተለወጠ «አይ ወርክድ»።

ሌላው የሚያደናግረው ጥንድ «ስቶፕድ ቱ ቴክ» እና «ስቶፕድ ቴኪንግ» ነው። ተማሪዎች ሁለቱን አንድ የሚያደርጓቸው «ስቶፕ»ን ብቻ አይተው ተከታዩን ግሥ ስለሚዘነጉት ነው። እዚህ ላይ ግን አማርኛ እንቅፋት ሳይሆን ረዳት ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ሰው «ለመጫን ቆመ» ማለትና ሰው «መጫን አቆመ» ማለት ለማንም አይምታታም። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ሐሳቡን በአማርኛ ማለት ነው፤ «ለመጫን» ከሆነ «ቱ ቴክ»፣ «መጫን» ከሆነ «ቴኪንግ» ይጻፋል።