የገጠር መንገድ በብስክሌት፦ ደስታውን የሚያበላሹ ስህተቶች

በማሳና በዛፍ መሃል በሚያልፍ መንገድ ላይ ቀስ እያሉ ብስክሌት መንዳት የሚሰጠውን እርካታ ሌላ ስፖርት አይሰጥም ብዬ አምናለሁ። በእግር ከሚደረሰው በላይ ሩቅ ያደርሳል። በመኪና ሲያልፉ የማይሰማው የወፍ ድምፅ ይሰማል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል፣ ደስ ባለበት ቦታ ይቆማል። ሆኖም ብዙ ሰው አንድ ሁለቴ ሞክሮ ይተወዋል። ጉልበቴን ያዘኝ ይላል፣ ወገቤን ቆረጠኝ ይላል፣ በቃ ሳይክል ለኔ አይሆንም ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ያለውን ሰው ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። የቀረውን ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያበላሸዋል። ደግነቱ ሁሉም የሚታረም ነው።

መቀመጫን ዝቅ አድርጎ መንዳት

ጀማሪ ሁሉ ዝቅ ያለ መቀመጫ ይወዳል። ሲቆም ሁለቱም እግሮቹ መሬት እንዲረግጡለት ይፈልጋል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ጉልበቱ ነው። መቀመጫው ዝቅ ሲል ጉልበት በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ጫናውም የጉልበት ፊት ላይ ያርፋል። ሰፈር ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ሲነዱ አይታወቅም። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ግን ቁርጥማቱ ይጀምራል።

ልኩን ማግኘት ቀላል ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፉና ተቀመጡበት። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ወደ ታች አውርዱና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። ዳሌያችሁ ወደ ጎን ሳያዘነብል እግራችሁ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ልኩ እሱ ነው። ስትነዱ የምትረግጡት ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው ሰፊ የውስጥ እግር ክፍል ስለሆነ፣ ያኔ ጉልበታችሁ ታች ሲደርስ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግር መሬት ማድረስ አይቻልም። መቆም ስትፈልጉ ከመቀመጫው ወደ ፊት ውረዱና አንድ እግር አሳርፉ። መጀመሪያ ያስፈራል፣ ቶሎ ይለመዳል።

መቀመጫ ካነሳን አይቀር፣ ልስላሴውም ሰውን ያታልላል። ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጠው ወፍራም መቀመጫ ለረጅም መንገድ አይሆንም። ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው ከታች ያሉት ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። መቀመጫው በጣም ሲለሰልስ አጥንቶቹ ይሰምጡና መሃሉ ወደ ላይ ተነስቶ ሥጋውን ይጫናል፤ መደንዘዝ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠንከር ብሎ ስፋቱ ለአጥንቶቹ የሚበቃ መቀመጫ ይሻላል። ልስላሴው ከቁምጣው ይምጣ። የብስክሌት ቁምጣ ከሥሩ የራሱ ስፖንጅ አለው፤ የውስጥ ሱሪ አይደረብበትም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ የውስጥ ሱሪው ስፌትም ቆዳውን ሲልጠው ይውላል።

ጎማን እስኪደነድን መንፋት

ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል የሚል እምነት አለ። ልሙጥ አስፋልት ላይ ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ኮረኮንች ላይ ግን ድንጋይ የሆነ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ለእጅና ለወገብ ያደርሳል። ብስክሌቱ ወደ ፊት ሊጠቀምበት የሚገባውን ጉልበት ወደ ላይ በመንጠር ያባክነዋል። በአየር የተሞላውን የብስክሌት ጎማ እ.ኤ.አ. በ1888 በስሙ ያስመዘገበው ጆን ቦይድ ደንሎፕ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ነገሩን የጀመረውም የልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ሻካራ መንገድ ላይ እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነው። የጎማ አየር ለምቾት የመጣ ነገር ነው፤ ለምቾት እንጠቀምበት።

ጎማው ጎን ላይ የግፊቱ መጠን ተጽፏል። ብዙ ሰው ከፍተኛውን ቁጥር እንደ ትእዛዝ ያየዋል። እሱ ግን ጣሪያው ነው፤ ከዚያ በላይ አትለፉ ማለት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ላለው ጎማና መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ከ35 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። አብዛኛው ክብደት ከኋላ ስለሚያርፍ ለኋላው ጎማ ትንሽ ይጨመርለታል። ከመጠን በላይ ማጉደልም ሌላ ጣጣ አለው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ጎማ ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን በሁለት ቦታ ይበሳል። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፤ አየሩ አንሶ ነው።

ሳይፈትሹ መነሳት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፍተሻው ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ጎማ ሳይበሳም አየሩ በራሱ ስለሚቀንስ ሁለቱንም ጎማዎች በእጃችሁ ጨምቁ። ፍሬኖቹን ያዙ፤ መያዣው መሪውን እስኪነካ ከገባ መንገድ አትጀምሩ። ብስክሌቱን ትንሽ አንስታችሁ ጣሉትና ድምፁን ስሙ፤ የላላ ነገር ካለ ይንኳኳል።

ካቴናው ላይ ዘይት ማርከፍከፍም የተለመደ ስህተት ነው። ሥራ ያለው ዘይት መጋጠሚያው ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ላይ ላዩን የቀረው አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። ጠብ ጠብ አድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞራችሁ አስገቡት፣ ከዚያ በጨርቅ ጥርግ አድርጉት።

ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ መንገድ መምረጥ

ካርታው 30 ኪሎ ሜትር ይላል። በሰዓት 15 ብነዳ ሁለት ሰዓት ነው ብላችሁ ትወጣላችሁ። ሜዳ ላይ ልክ ናችሁ። በዚያው 30 ኪሎ ሜትር ውስጥ በድምሩ 600 ሜትር ወደ ላይ የሚያስወጣ ዳገት ካለ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ከርቀቱ ጋር የከፍታውን ሥዕል እዩ። የመንገዱንም ዓይነት አጣሩ፤ ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መስመር ሆኖ የሚታየው መንገድ አስፋልትም፣ አሸዋም፣ የትራክተር ዱካም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚረሳው ነፋስ ነው። ስንነዳ ከኋላ የሚመጣ ነፋስ አይሰማንም፤ ዛሬ እግሬ ጎብዟል ብለን እንርቃለን። ስንመለስ ጉድ ይፈላል። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ የሚገጥመን አየር በእጥፍ ሲፈጥን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ሲነሱ ነፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። ጉልበት ሳለ ትሠሩታላችሁ፣ ሲደክማችሁ ገፍቶ ይመልሳችኋል።

ጀንበርንም አስሉ። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ጣቶቻችሁን አግድም አድርጋችሁ በፀሐይና በአድማሱ መሃል አስገቡ። አንድ ጣት በግምት 15 ደቂቃ ነው። አራት ጣት ከቀረ አንድ ሰዓት ያህል ብርሃን አላችሁ። ተራራማ ቦታ ግን ቶሎ ይጨልማል። ለማንኛውም የፊትና የኋላ መብራት ይያዝ።

በጉጉት ተፈትልኮ መውጣት

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያታልላል። አካል ትኩስ ነው፣ ስሜትም ከፍ ብሏል። ያኔ የተበተነው ጉልበት ማታ ይፈለጋል። ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እየነዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ዘፈን ሞክሩ።

ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ፖል ደ ቪቪ ከ1853 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. የኖረ፣ በብስክሌት አገር ማየትን ለብዙዎች ያስተማረ ሰው ነው። ለተጓዦች ከተዋቸው ምክሮች መካከል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኃይልን አለመጨረስ አንዱ ነው፤ ለታይታ ብሎ አለመንዳት ሌላው። ሁለቱም ዛሬም ይሠራሉ። አንድ ወጣት በሩጫ ብስክሌት ሽው ብሎ ሲያልፋችሁ እግራችሁ ሳታዙት ይፈጥናል። ተዉት ይለፍ። እሱ የወጣበት ጉዳይ ሌላ ነው።

ከባድ ማርሽ መግፋትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ፔዳሉ ቀስ ብሎ፣ በግድ የሚዞር ከሆነ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል። ቀለል ባለ ማርሽ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ዙር ማዞር ለሽርሽር ይመቻል። ዳገት ስታዩ ደግሞ ማርሹን ከመድረሳችሁ በፊት ቀንሱ። መሃል ላይ፣ ካቴናው በሙሉ ኃይል ተወጥሮ ሳለ ብትቀይሩ ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። ዳገቱ ከከበደ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። እንዲያውም ከገፋችሁ አካባቢውን በደንብ ታያላችሁ።

እስኪጠማ መጠበቅ

በብስክሌት ላይ ነፋሱ ላቡን ስለሚያደርቀው ምን ያህል ፈሳሽ እንዳጣችሁ አይታወቅም። ለሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ አስቡ፣ ፀሐይ ከበረታ ጨምሩ። በየ15 ደቂቃው ጎንጨት ማለት አንድ ጊዜ ግጥም አድርጎ ከመጠጣት ይሻላል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ለሚበልጥ ጉዞ የሚቀመስ ነገር ይዛችሁ ውጡ፤ ሙዝ ይበቃል። ሰው ባዶ ሆዱን ሲነዳ ድንገት እግሩ ይከዳዋል፣ ይበሳጫል፣ ዓይኑ ብዥ ይላል። ያ ከመጣ በኋላ ቢበሉም ወዲያው አይመለስም።

ጠጠር ላይ ፍሬን ድንገት መያዝ

ደረቅ አስፋልት ላይ የማቆም ኃይሉ የሚበዛው የፊት ፍሬን ነው። ጠጠርና አሸዋ ላይ ግን እሱን በድንገት ከያዛችሁት የፊት ጎማው ይንሸራተታል፣ የፊት ጎማ ከተንሸራተተ ደግሞ መውደቅ ነው። ፍጥነታችሁን መቀነስ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ። ከታጠፋችሁ በኋላ እጃችሁን ከፍሬኑ ላላ አድርጉ። ቁልቁለት ላይ ፔዳሎቹን እኩል አግድም አቁሙ፣ ክርናችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ ውሰዱ። ክርኑን ገትሮ መሪውን ጨምድዶ የሚይዝ ሰው እጁ ይደነዝዛል፣ ትከሻውም ይታሰራል።

ለተበሳ ጎማ ሳይዘጋጁ መሄድ

ተለዋጭ የውስጥ ጎማ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ትንሽ መንፊያ። እነዚህ ከመቀመጫው ሥር በምትገባ ቦርሳ ያልቃሉ። መንፊያው ለጎማችሁ መንፊያ ቀዳዳ ልክ መሆኑን ቤት ሳላችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ቀዳዳ እንደ መኪና ጎማ መንፊያ ቀዳዳ ወፍራም ነው፣ ሌላው ቀጭንና ጫፉ ላይ የሚላላ ጥርስ ያለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው። ጎማው ይበሳል፣ የውስጡን አውጥቶ አዲሱን ይከታል፣ ይነፋል፣ አምስት ደቂቃ ሳይነዳ ደግሞ ይተነፍሳል። እሾሁ የውጪው ጎማ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። አዲሱን ከመክተታችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ ሹል ነገር ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ጫፏ ብቻ ብቅ ያለች እሾህ በዓይን አትታይም፣ ጣት ግን ያገኛታል። ከውጪ በኩል ገፍታችሁ ንቀሏት። አዲሱን ጎማ ደግሞ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ትንሽ አየር ስጡትና ክተቱት፤ ያኔ ሳይጣመም ይገባል።

መንገዱ የኔ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

የገጠር መንገድ የሚኖሩበት ሰዎች አሉት። ከብት ሲነዳ ካገኛችሁ አትጋፉ። ቀስ በሉ፣ ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ ነጂው ምልክት እስኪሰጥ ጠብቁ። ፈረስ ከኋላው ድንገት በደወል ከተጠራ ይበረግጋል፤ በሰው ድምፅ ቢሰማችሁ ይሻላል። የተዘጋ በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ፣ ክፍት ካገኛችሁት ክፍት ተዉት። ላምና ጥጃዋ መሃል አትለፉ።

ውሻ ሲያባርር መሮጥ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። ሩጫው ግን ያባብሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ወርዶ ብስክሌቱን በመሃል አድርጎ መቆም፣ በረጋና በጠነከረ ድምፅ ሂድ ማለት፣ ከዚያ ጀርባ ሳይሰጡ ቀስ ብሎ መራቅ ይሠራል። የጆሮ ማዳመጫ ደግሞ እዚህ መንገድ ላይ ጨርሶ አይደረግ። ትራክተሩን የምትሰሙት በጆሮ ነው፣ ወፎቹንም እንደዚያው።

ከጓደኛ ጋር ወጥቶ ብቻን መንዳት

የቡድን ፍጥነት የሚወሰነው በጣም ቀስ በሚለው ሰው ነው። ይህን ሁሉም በአፉ ይስማማበታል፣ መንገድ ላይ ግን ጎበዞቹ ይቀድማሉ። ከዚያ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የኋላው ላቡን እያፈሰሰ ሲደርስ እነሱ አርፈው ጨርሰዋል፤ እንሂድ ይላሉ። ማረፍ የሚያስፈልገው እሱ ሳያርፍ ይነሳል፣ ሌላ ቀን ሲጠሩት ሰበብ ይፈልጋል። ቀስ የሚለውን ሰው ፊት አስቀድሙትና ፍጥነቱን እሱ ይምራ። ዳገት ላይ ከተለያያችሁም የመጨረሻው ሰው ደርሶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ማንም ፔዳል አይርገጥ። እንነሳ የሚለውም እሱ ይሁን።