ሁመሩ ለምን መረረ? በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ መጠጥና ምግብ ስናዘጋጅ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬዳዋ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጦም ላብ በጀርባ ይወርዳል። ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ የሚገረም ሰው የለም። በዚያ ሰዓት ሰው የሚያምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ የሚጠጣ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ድሬ ያመጣኝ ትዳር ነው። እርጎውን፣ ተልባውን፣ ፍትፍቱን ከእናቴ ተምሬ ነው የመጣሁት። እዚህ ግን እርጎዬ ውሃ አቀረረ፣ ተልባዬ ሸተተ፣ ፍትፍቴ ኮመጠጠ። አሠራሬ ያው የእናቴ ነው። የተለየው ሰዓቱ ነው። ሙቀቱ እኛን ብቻ አይደለም የሚያገኘን፤ ጆጉንም፣ ወተቱንም፣ የተቆረጠውን ቲማቲምም ያገኘዋል። ይህን ያስረዱኝ እዚሁ መጋላ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ጎረቤቴ ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። ገና በመጀመሪያው ዓመት እርጎዬን ቀምሰው፣ «አቦ ልጄ፣ ይሄ ደብረ ብርሃን አይደለም!» አሉኝ። ከዚህ በታች ካለው ግማሹ የእሳቸው ትምህርት ነው።

በረዶ ጀርም ይገድላል ብሎ ማመን

ከዚህ የምጀምረው ሰው ስለሚያሳምም ነው። በላስቲክ የሚሸጥ በረዶ ገዝቶ ጭማቂ ውስጥ መጨመር የተለመደ ነው። ውሃው ድንጋይ እስኪሆን ከበረደ ጀርሙ ይሞታል የሚሉ ብዙ ናቸው። አይሞትም። ብዙው ጀርም ቅዝቃዜ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ሲሟሟ ታይፎይዱም ተቅማጡም አብሮ ይወርዳል። ሎሚ መጨመርም አያድንም። ትንሿ ልጄ አንድ ድግስ ላይ በረዶ ያለበት ጭማቂ ጠጥታ ሳምንት ሙሉ ተኝታለች። ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚገባው በረዶ እኔ የሠራሁት ብቻ ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ውሃውን አፍሉ። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ሐረር ያላችሁ፣ ከተማችሁ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች 3 ደቂቃ ብታደርጉት ይሻላል። ከዚያ ከድኖ ማቀዝቀዝ ነው። የድሬ ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት አይታችሁታል። ስለዚህ የፈላውን ውሃ ጥቂት አስቀምጡትና ከላይ ከላዩ ቅዱት። አተላውን በረዶ አታድርጉት። አይጎዳም፤ ግን ሲሟሟ ነጭ ዱቄት ብርጭቆው ስር ይቀራል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል።

ሁመርን ከነፍሬው መቀቀል

ድሬና ሐረር ላይ ከሁመር፣ ማለትም ከኮምጣጣው ታማሪንድ፣ የሚበልጥ የሙቀት መድኃኒት አላውቅም። በረመዳን አፍጥር ላይ ከቴምሩና ከሳምቡሳው አጠገብ ስታዩት ገና ሳትቀምሱት ምራቃችሁ ይመጣል። ቀፊራ ገበያ ተጠፍጥፎ፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ፣ እጅ ላይ እየተጣበቀ ይሸጣል። ርካሽ ነው። ግን ብዙ ሰው ቤት ሠርቶት፣ «መረረኝ» ብሎ ይተወዋል።

የሚያመርረው ውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬ፣ ዘሩ ነው። የፍሬው ቡናማ ቅርፊት አፍ የሚያደርቅና የሚጎመዝዝ ነገር አለው። ሁመሩን ድስት ውስጥ ጥዳችሁ ስታንተከትኩት ያ ሁሉ ወደ ውሃው ይወጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ብሌንደር ውስጥ ከነፍሬው መፍጨት ነው። እኔ አድርጌዋለሁ። ጆጉን ሙሉ ደፍቼዋለሁ።

እማማ የሚሠሩት እንዲህ ነው። አንድ ጭብጥ ሁመር ጎድጓዳ የሸክላ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያደርጋሉ። ፈልቶ ትንሽ በረድ ያለ ውሃ፣ ልክ ሁመሩን እስኪሸፍነው፣ ያፈሱበታል። ከድነው ግማሽ ሰዓት ይተዉታል። ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በጣታቸው ያሹታል። እዚህ ላይ አይቸኩሉም። ሥጋው ከፍሬው እየለቀቀ፣ ክሩ ለብቻው እየወጣ፣ ውሃው ወፍሮ እንደ ቀጭን ወጥ ሲሆን ፍሬው ጣት ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል። «ፍሬው ልሙጥ ሲሆን በቅቷል» ይላሉ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ያጠሉታል። ሁለተኛውን ማጥለል የሚዘል ሰው ጥርሱ ላይ አሸዋ ያገኛል። ከተጠለለው አንድ ኩባያ ላይ አራት ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምራሉ። ስኳር፣ በጣም ትንሽ ጨው፣ የተወቀጠ ሄል ይከተላሉ። ዝንጅብል የሚጨምርም አለ፤ እኔ ሄሉን እመርጣለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሁመር ኮምጣጣ ስለሆነ የአሉሚኒየም ድስት ውስጥ አታሳድሩት፤ ኮምጣጣ ነገር ብረቱን ይበላል፣ የብረት ጣዕምም ያመጣል። ደግሞ ሆድ ያላላል። ለልጅ ትንሽ ብርጭቆ ይበቃል።

ስኳርና ሎሚ

ስኳር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። እኛ አልጣፈጠም ብለን እንጨምራለን፤ ስሩ ላይ ሁለት ጣት ስኳር ይተኛል። ቅዝቃዜው ራሱ ምላሳችን ጣፋጩን አሳንሶ እንዲቀምስ ያደርገዋል። ስለዚህ ስኳሩን በእኩል መጠን ሙቅ ውሃ አስቀድማችሁ አሟሙና በጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በማንኪያ እየለኩ መጨመር ነው። የምትጠቀሙት ስኳር ሲቀንስ ታያላችሁ።

ሎሚውን ደግሞ ከነልጣጩ አትፍጩት። ምሬቱ ልጣጩና ነጩ ክፍል ላይ ነው። የሎሚው ፍሬ ውስጥ መቅረትም ያመርረዋል።

ፓፓያን ከወተት ጋር ፈጭቶ ማስቀመጥ

ስፕሪስ የማይወድ የድሬ ልጅ የለም። ማንጎው፣ አቮካዶው፣ ፓፓያው ተደራርቦ ከላይ ሎሚ ሲጨመቅበት ደስ ይላል። ቤት ስንሠራው ግን «እንዲያምር» ብለን ፓፓያው ላይ ወተት እንጨምራለን። ወዲያው ከተጠጣ ምንም አይል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ መራራ ነው። ምክንያቱ ያልተቀቀለ ፓፓያ ውስጥ ያለው ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ስለሚሰባብረው ነው። ያልተቀቀለ አናናስም እንደዚሁ ያደርጋል። ወተት የግድ ካስፈለጋችሁ ማንጎ ወይም ሙዝ ላይ አድርጉት። አቮካዶውን ደግሞ እንግዳው ሳይመጣ አትፍጩት፤ ይጠቁራል። ቀድማችሁ ከፈጫችሁት ሎሚ ጨምቁበት፣ ላስቲኩንም ገጹ ላይ አስነኩት።

ተልባን ለወር ፈጭቶ ማስቀመጥ

እናቴ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ለወር የሚሆን ታስቀምጥ ነበር። ደብረ ብርሃን ይህ ይሠራል። ድሬ ግን አይሠራም። ተልባ ዘይታም ነው። ሲፈጭ ዘይቱ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ቶሎ ይሸታል። የቆየ ቀለም የሚመስል ሽታ ካለው ጣሉት፤ ማር አያድነውም። ጥሬውን አስቀምጡ፤ ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ቁሉና ፍጩ፤ የተፈጨውን ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ።

አቆላሉም ልብ ይፈልጋል። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ አውርዱት። ጥሬውን መጠቀም ጥሩ አይደለም፤ ካረረም ይመራል። ከበጠበጣችሁት በኋላ ገለባው እስኪዘቅጥ ጠብቃችሁ ከላይ ቅዱት።

እርጎን በደጋ ሰዓት መጠበቅ

ደጋ ላይ ወተት እርጎ እስኪሆን ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ድሬ በሙቀት ወራት 24 ሰዓት አይሞላም። እኔ «ገና ነው» ብዬ ስጠብቅ አይቡ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደ ታች ሄዶ ኮምጣጣ ይሆንብኝ ነበር። አሁን ወተቱን አፈላለሁ። ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የትናንት እርጎ እጨምርበታለሁ። ማታ ከተዘጋጀ ጠዋት ደርሷል። እንደረጋ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። ዕቃው በወይራ ከታጠነ ጣዕሙ ሌላ ነው። ጭሱ ግን የዕቃ እጥበት ምትክ አይሆንም።

የግመል ወተት የተለየ ነው። እንደ ላም ወተት ጠንክሮ አይረጋም። ሳያውቁ እስኪረጋ የሚጠብቁ ሰዎች አይቻለሁ። ቀጭን ሆኖ ይኮመጥጣል፤ ልማዱ ይህ ነው። ጥሬውን መጠጣት እዚህ አካባቢ ባህል መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የግመልም፣ የፍየልም፣ የላምም ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ ያመጣል። ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ወራት ይቆያል። እባካችሁ አፍሉት፤ ከዚያ አቀዝቅዛችሁ ጠጡት።

የፍትፍት ጠላት ጊዜ ነው

የሰኔ ጾም ድሬ ላይ ልክ ሙቀቱ ሲበረታ ነው የሚገባው። የሚያምረው ምሳም የቲማቲም ፍትፍትና የሱፍ ፍትፍት ነው። ስህተቱ ጠዋት ሠርቶ ለምሳ ማቆየት ነው። ጨው የነካው ቲማቲም ውሃውን ይለቃል፤ እንጀራው ይጠጣውና ገንፎ ይሆናል። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውን ቆራርጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሎሚውን፣ ዘይቱንና ጨውን ማዕድ ሲቀርብ ጨምሩ። እንጀራው መጨረሻ ላይ ይፈተፈታል። የሱፉን ውሃም ለምሳ ጠዋት ጭመቁት እንጂ አታሳድሩት።

ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቀን የተሠራ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ከጠፋ የተረፈውን ወተትና ፍትፍት አትመኑት።

ሐብሐብ

ቢላው ሲገባ የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እያሻችሁ እጠቡት። ገበያ ላይ ተቆርጦ ዝንብ ያረፈበትን አትግዙ።

ለጨቅላ ሕፃን ውሃ መስጠት

«ሙቀቱ አይደል፣ ይጠማታል» ተብሎ ስድስት ወር ላልሞላት ልጅ ውሃ ይሰጣል። ይህን የሚያደርጉት አያቶች በፍቅር ነው፤ ግን አያስፈልጋትም። ጡት ውስጥ የሚበቃት ውሃ አለ። ደጋግሞ ማጥባት ነው። ማርም ዓመት ሳይሞላት አይሰጥም። በተቅማጥ ፈሳሽ ለቀነሰበት ትልቅ ሰውም ለስላሳ መጠጥ መፍትሔ አይደለም፤ ስኳሩ ተቅማጡን ያብሰዋል። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ እስኪመጣ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልክ አፉ ድረስ የተሞላ ይሁን፤ አይቆለል።

እንስራውን ጥግ ውስጥ መደበቅ

የምወደውን ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ፍሪጅ ከመኖሩ በፊት ድሬ ውሃዋን በሸክላ ነው ያቀዘቀዘችው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በገላው ላይ ነው። ውሃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል፤ ስለዚህ ግንቦት ላይ ከነሐሴ የተሻለ ያቀዘቅዛል።

ይህን ካወቅን ስህተቶቹ ግልጽ ናቸው። ንፋስ የሌለበት ክፍል ጥግ ማስቀመጥ አንዱ ነው። እንዳይንጠባጠብ ብሎ በላስቲክ መጠቅለል ሌላው ነው። ለውበት ቀለም መቀባት ሦስተኛው ነው። ቀዳዳው ከተደፈነ እንስራው ተራ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። እማማ የእሳቸውን በረንዳው ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ነፋሱ በሚያልፍበት ቦታ በሦስት ድንጋይ ላይ ነው ያስቀመጡት። ገላውን በርጥብ ጆንያ ይጠመጥሙታል። አፉ በንጹሕ ጨርቅና በክዳን ይሸፈናል። መቅጃው ረጅም እጀታ አለው፤ እጅ ውሃው ውስጥ አይገባም። የሚጨመረውም የፈላ ውሃ ነው።

አዲስ እንስራ ከገዛችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ውሃ አትጠጡበት። ሙሉት፣ አሳድሩት፣ ድፉት። አፈር አፈር የሚለው ጣዕም በአራተኛው ቀን ይለቃል። የእኔን በሚያዝያ ነው የገዛሁት። አሁን ጠዋት ስነሳ ገላው በላብ ነጠብጣብ ተሸፍኖ ነው የማገኘው።