ዮጋ የሚሠሩ የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሜዳ ቴኒስ ሰውነትን በአንድ ወገን ያደክማል። ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) የሚመታው ያው አንድ ትከሻ ነው፤ ወገብ ወደ አንድ አቅጣጫ አብዝቶ ይጠማዘዛል፤ ዳሌና ባት በነጠላ ጨዋታ በ8.23 ሜትር የሜዳ ስፋት ውስጥ ሲነሡ፣ ሲቆሙ፣ ሲመለሱ ይውላሉ። ዮጋ ለተጫዋች የሚበጀው ይህን መዛባት ሲያቃናና ትንፋሽን ሲያሠለጥን ነው። ሰውነትን እንደ ጎማ ማለስለስ ግቡ አይደለም፤ ከታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህ ግብ ሲመስል ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ፣ ብዙ ተጫዋች ዮጋን የሚማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ግን የተሠራው በሞቀ ክፍል፣ ለስላሳ ወለል ላይ፣ ማታ ማታ ዘና ማለት ለሚፈልግ ሰው ነው። ንጋት ላይ በሲሚንቶ ሜዳ ለሚቆም፣ ያውም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለሚጫወት ሰው እንዳለ አይሠራም።

ሜዳ ከመግባት በፊት ረጅም ማሳሳብ

በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ተጫዋቹ ከታክሲ ወርዶ፣ ጃኬቱን አውልቆ፣ መሬት ላይ ይቀመጥና የእግሩን ጣት ይዞ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጎነበሳል። ከ60 ሰከንድ በላይ ሳይንቀሳቀስ የተሳበ ጡንቻ ለተወሰነ ጊዜ ፈጥኖ ኃይል የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ያ ኃይል ደግሞ ለመጀመሪያዋ እርምጃና ለሰርቭ የሚያስፈልገው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሱሉልታም ሆነ በሰንዳፋ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ያልሞቀ ቋንጃ ወይም ባት በኃይል ሲሳብ ሊቆስልም ይችላል።

ሚኒባስ ውስጥ ጉልበትን አጥፎ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው የዳሌው ፊት ተኮማትሯል። ለእርሱ የሚያስፈልገው እየተንቀሳቀሱ መፍታታት ነው። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ቅደም ተከተል ይኸውና፦

በመጀመሪያ ላብ ግንባር ላይ ችፍ እስኪል 3 ደቂቃ ሶምሶማ ይሩጡ ወይም ገመድ ይዝለሉ። ጃኬቱን አያውልቁ። ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተንበርክከው፣ አየር ሲያስገቡ ደረትን ወደፊት እየከፈቱ፣ ሲያወጡ ጀርባን ወደ ላይ እያጎበጡ 8 ጊዜ ይመላለሱ። ከዚያ ቀኝ እግርን ረጅም እርምጃ ወደፊት አድርገው ዝቅ ይበሉ፤ የኋላው ጉልበት መሬት አይንካ። የቀኝ ክርንዎን ወደ ቀኝ እግርዎ ውስጠኛ ጎን ዝቅ ካደረጉ በኋላ ያንኑ እጅ ወደ ሰማይ እያነሡ ደረትዎን ያዙሩ። በእያንዳንዱ ወገን 5 ጊዜ ይበቃል፤ ላይ ሲደርሱ ከአንድ ትንፋሽ በላይ አይቆዩ። በመቀጠል መዳፍና እግርን መሬት ላይ ተክለው መቀመጫዎን ወደ ላይ ያንሡና ተረከዞችዎን በየተራ 10 ጊዜ ወደ መሬት ይግፉ። በአንድ እግር ቆመው፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ግንድዎን (ደረትና ሆድዎን) ወደፊት እያዘነበሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሥሩ። መጨረሻ ላይ ትንንሽ ዝላይና ያለ ኳስ 10 የሰርቭ ምት።

ረጅሙ ማሳሳብ ከጨዋታ በኋላ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ጡንቻ 30 ሰከንድ፣ ሁለት ጊዜ። ማታ ቤት ውስጥ ቢሠራም ያው ነው።

ትከሻን በጅምላ ማላላት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የቴኒስ ተጫዋች በትከሻው የሚኖር ነውና። ብዙ ዓመት ሰርቭ የመታ ትከሻ ወደ ኋላ ለመዞር ከሚገባው በላይ ይለቃል፤ ወደ ውስጥ ለመዞር ደግሞ ይጠብቃል። ከፊት የላላውን ይበልጥ የሚያላላ፣ ከኋላ የጠበቀውን የማይነካ ዮጋ ጉዳት ይጨምራል። እጅን ከጀርባ አቆላልፎ ወደ ላይ መጎተት፣ ግድግዳ ላይ ደረትን አጥብቆ መክፈት፣ እነዚህ ደስ የሚል ስሜት ስላላቸው ይደጋገማሉ። የሚያስፈልጉት ግን ብዙ ጊዜ እነርሱ አይደሉም።

ራስዎን እንዲህ ይፈትሹ። በጀርባዎ ተኝተው ክርንዎን በትከሻ ልክ ወደ ጎን አድርገው በ90 ዲግሪ ያጥፉት፤ ጣቶችዎ ወደ ሰማይ ይመልከቱ። ትከሻው ከመሬት ሳይነሣ መዳፍዎን ወደ እግርዎ አቅጣጫ ዝቅ ያድርጉ፤ ከዚያ በሌላው እጅ ይድገሙት። የራኬት እጅ ከሌላው በጥቂቱ ያነሰ ቢወርድ የተለመደ ነው። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ ወይም ሲሞክሩት ካመመዎ ግን ማረም ይገባል።

ማረሚያው ቀላል ነው። የራኬቱን እጅ በደረትዎ ላይ አሻግረው በሌላው እጅ ከክርን በላይ ይዘው ወደ ደረት ይሳቡ። የትከሻ አጥንቱ አብሮ እንዳይሸሽ ግድግዳ ይደገፉ። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከጨዋታ በኋላ። በሌላው ትከሻ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ዮጋ ሁለቱንም ወገን እኩል ሥሩ ቢልም፣ ሥራው እኩል ያልሆነን አካል እኩል ማስተናገድ መዛባቱን እንዳለ ያቆየዋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ከፕላንክ (በመዳፍና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ከመያዝ) ወደ መሬት ዝቅ የሚባልበት እንቅስቃሴ ነው። ትከሻ ከክርን በታች ሲወርድ የክንዱ አጥንት ራስ ወደፊት ይገፋል፤ በሰርቭ የተጎዳውም ያው ቦታ ነው። ጉልበትዎን መሬት ላይ አድርገው፣ ትከሻዎ ክርንዎ ልክ ሲደርስ ያቁሙ።

ከፍታችን ለትከሻ የሚጨምረው ነገርም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ኳስ እዚህ ይፈጥናል፣ ከፍ ብሎም ይነጥራል፤ የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። ተራ ኳስ ይዞ የሚለማመድ ተጫዋች ከትከሻ በላይ የሚመጡ ኳሶችን ደጋግሞ ይመታል። እንዲህ ያለ ልምምድ በበዛበት ሳምንት፣ መዳፍ ላይ ተደግፈው የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችን በግማሽ ይቀንሱ።

ታዳጊዎችን ጀርባ ማስገልበጥ

በልጆች ዘንድ ጀርባን ወደ ኋላ መለጠጥ የብቃት ማሳያ ሆኗል። ሰርቭ ራሱ ወገብን ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ያዞራልም። አጥንታቸው ገና እያደገ ያሉ ታዳጊዎች ላይ ይህ ሲደጋገም የታችኛው አከርካሪ የኋላ ክፍል ሊሰነጠቅ ይችላል። በላዩ ላይ ጥልቅ ኮብራ (በሆድ ተኝቶ ደረትን ወደ ኋላ ማንሣት) እና ድልድይ (በመዳፍና በእግር ተደግፎ ጀርባን ወደ ኋላ ማጉበጥ) ሲጨመር በዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ሸክም ነው።

ምልክቱን ወላጅም አሠልጣኝም ይወቀው፤ ልጁ በአንድ እግር ቆሞ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወገቡን በአንድ ጎን ካመመው፣ ሕመሙም ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰርቭም ኮብራም ቆሞ የአጥንት ሐኪም ይየው። «ያድጋል፣ ይለቀዋል» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ለታዳጊ የሚሻለው ግንድን የሚያጠነክር ነው፤ በክርን ተደግፎ የጎን ፕላንክ 20 ሰከንድ በየወገኑ፣ በእጅና በጉልበት ሆኖ ተቃራኒ እጅና እግርን በአንድ ጊዜ መዘርጋት 8 ጊዜ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሣት 10 ጊዜ። ሁሉንም ሁለት ዙር።

ዳሌን በጉልበት ማስከፈል

የፊት እግርን አጥፎ መሬት ላይ አጋድሞ የሚሠራው፣ ፒጅን የሚባለው አቀማመጥ፣ ለጠበቀ ዳሌ ይመከራል። ዳሌው እምቢ ሲል ግን ጠመዝማዛው ወደ ጉልበት ይወርዳል። ጉልበትዎ ውስጥ ቁንጥጥ የሚል ስሜት ካለ አቀማመጡ ለእርስዎ አይደለም። በጀርባዎ ተኝተው አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጭን ላይ አሻግረው፣ የታችኛውን ጭን በሁለት እጅ ወደ ደረት ይሳቡ፤ ሥራው ያው ነው፣ ጉልበት ግን ያርፋል። እጅዎ ካልደረሰ ነጠላ ጠምጥመው ይያዙበት።

ወለሉን መናቅ

ሰሌን በሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል፤ ቀጭን ምንጣፍ ጉልበትን አያድንም። ከጉልበት ሥር የታጠፈ ጋቢ ያድርጉ፤ ቆመው የሚሠሩትን ግን ያለ ጋቢ፣ በጫማ ይሥሩ። የእጅ አንጓን የሚያመው ተጫዋች መዳፉን ከመትከል በክርኑ ይደገፍ።

ትንፋሽን ማስገደድ

ፈጣን የሆድ ትንፋሽና አየር ይዞ ረጅም መቆየት በዮጋ ትምህርት ውስጥ አሉ። ከጨዋታ በፊት ግን አይመከሩም። በፍጥነት ሲተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንስና ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል። አየር መያዝ ደግሞ ከረጅም የኳስ ምልልስ በኋላ ልብ ስትመታ ድንጋጤ ያመጣል። ከ2,600 ሜትር በላይ ባለችው ሱሉልታ ይህ ሁሉ ቶሎ ይሰማል፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ ለመጣ ተጫዋች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይበልጥ ይከብዳሉ።

የሚረዳው ማስወጫውን ከማስገቢያው ማስረዘም ነው። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ 6 እየቆጠሩ ያውጡ። ስድስት ካስጨነቀዎ 3 እና 4 ያድርጉት። ረጅም ማስወጣት የልብ ምትን ያረግባል፤ ቆጠራው ደግሞ ያመለጠውን ነጥብ ከማብሰልሰል ይመልሳል።

ትንፋሹን ምንጣፍ ላይ ጥሎ መምጣት

ተጋድሞ በጸጥታ መተንፈስ የቻለ ሁሉ በነጥብ 30 ለ40 ተበልጦ ሳለ መተንፈስ ይችላል ማለት አይደለም። ትንፋሹ ከጨዋታው ሰዓት ጋር መጋባት አለበት። በነጥብና በነጥብ መካከል ደንቡ የሚሰጠው 25 ሰከንድ ነው፤ ሜዳ ሲቀያየር 90 ሰከንድ፣ ሴት (የጨዋታው አንድ ክፍል) ሲያልቅ 120 ሰከንድ።

25ቱን እንዲህ ይከፋፍሉ። ነጥቡ እንዳለቀ ፊትዎን ከመረቡ ያዙሩ፣ ራኬቱን ወደ ሌላው እጅ ያሸጋግሩ፣ የሚመታው እጅ ይፈታ። ክሮቹን እያዩ ወደ ኋላ መስመር ሲራመዱ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይውሰዱ፤ ይህ 10 ሰከንድ ነው። ከዚያ ኳሱ የት እንደሚሄድ ይወስኑ፤ አንድ ውሳኔ ብቻ። ቀሪው ጊዜ ኳስ ለማንጠርና ለመወርወር ይበቃል። ራኬቱ ኳሱን ሲነካ አየሩ እየወጣ ይሁን፤ አየር ይዞ የሚመታ ትከሻውንና አንገቱን ያግታል። በ90 ሰከንዱ እረፍት መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ተቀምጠው አራት ትንፋሽ።

ለማለማመድ 30 ሰከንድ ከጎን ወደ ጎን በሙሉ ጉልበት ይሩጡ፣ በ25 ሰከንድ ውስጥ ከላይ ያለውን ሥርዓት ይፈጽሙ፣ ሁለት ሰርቭ ይምቱ። ስድስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ዮጋን በልምምዱ ውስጥ ለዓመታት እንዳካተተ የሚታወቀው ኖቫክ ጆኮቪች ቀውጢ ነጥብ ላይ ሰርቭ ከመምታቱ በፊት ኳሱን እያነጠረ የሚቆይበትን ልብ ብላችሁ እዩ።

ጾምንና ስግደትን ከልምምድ አለመቁጠር

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይቀምስ የሚቆይ ተጫዋች ጠዋት ላይ ከባድ ዮጋ መሥራት የለበትም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀላል መፍታታት ይሥራ፤ ጉልበት የሚጠይቀውን ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ያድርግ። በረመዳን ከኢፍጣር በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ለቀስታ ማሳሳብና ለትንፋሽ ይመቻል። ስግደትም ለጉልበት፣ ለጭንና ለወገብ ሥራ ነው፤ በሰሙነ ሕማማት ብዙ የሰገደ ሰው በማግስቱ እግሩ ቢዝል አይገርምም። ያን ሳምንት የእግር እንቅስቃሴዎቹን ይዝለላቸው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ጉዳይ አለ። ዮጋ ከሕንድ መንፈሳዊ ትውፊት የመጣ ነው፤ በዚህ ምክንያት የሚጨነቅ ወላጅ ወይም ተጫዋች መልስ ይገባዋል። ለቴኒስ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴውና ትንፋሹ ነው፤ ዝማሬና የእጅ ምልክት ቢቀሩ የሚጎድል የለም። አሠልጣኙ ይህን አስቀድሞ ለወላጆች ያስረዳ፤ ልቡ ያልፈቀደውን ልጅ አያስገድድ። እየተጨነቀ የሚተነፍስ ልጅ ከትንፋሹ አንዳች አያገኝም።

እሑድ ብቻ ማብዛት

በሳምንት አንድ ቀን 90 ደቂቃ ከመሥራት 15 ደቂቃ በአራት ቀን ይሻላል። የሚጠብቀው ጡንቻ በየቀኑ ይጠብቃልና። ውድድር ከመድረሱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት አዲስ አቀማመጥ አይሞክሩ።

ክረምቱ የተለየ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ሜዳው ውኃ ሲያቁር፣ ቤት ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ለመሥራት ጊዜ አለ፤ ግንድን፣ መቀመጫንና የትከሻ አጥንት ዙሪያን ያጠናክሩ። ሜዳው ደርቆ ሰርቭ ሲጀመር ዮጋውን ወደ 15 ደቂቃ ይመልሱ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰርቭም በቀን ከ40 ምት አይለፍ።