ስክራች መማር ለሚፈልግ፦ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ሸክላ፣ ሁለት እጅ

ስክራች ማለት የሚዞር ሸክላን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየፋቁ ምት ያለው ድምፅ ማውጣት ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ሸክላ ስፍቅ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሠርግ ላይ የሚያገኙኝ ወጣቶች «ምን ልግዛ?» ይሉኛል፤ ብዙዎቹ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ ለመግዛት ቆርጠው የተነሡ ናቸው። አንድ ይበቃል። ለልምምድ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ሚክሰር (ድምፆችን የሚቀላቅል መሣሪያ) እና ምት የሚያጫውት ስልክ ካለ ሌላው ትርፍ ነው። ለሁለተኛው የታሰበው ገንዘብ የመጀመሪያውን ደኅና ለማድረግ ይዋል።

ማጫወቻው ሞተሩ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በቀጥታ የሚያሽከረክር መሆን አለበት። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት በ40 ዶላር፣ በላስቲክ ቀበቶ የሚዞር ነበር። ሸክላውን ይዤ ስለቀው ቀበቶው ይንሸራተትና ድምፁ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ይነሣል። ሁለት ወር ሙሉ ጥፋቱን በእጄ ላይ እያላከክሁ ኖርሁ። የዲጄዎች መለኪያ የሆነው ቴክኒክስ 1200 ማርክ 2 እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን፣ በ0.7 ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። አዲስ መግዛት ለሚፈልግ የሪሎፕ አርፒ 7000 ጉልበትም አያሳፍርም። እኔ ግን በደንብ የተያዘ አሮጌ ቴክኒክስ እመርጣለሁ።

አሮጌ ስትገዙ ሻጩ ቤት ሄዳችሁ አስነሡት። የፍጥነት ማስተካከያውን ዜሮ ላይ አድርጉና በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በቀዩ መብራት ተመልከቱ፤ ትልልቆቹ ቆመው መታየት አለባቸው። ከተንሸራተቱ ፍጥነቱ ተዛብቷል። ከዚያ የመርፌውን ክንድ በሁለት ጣት ይዛችሁ በቀስታ ወዝውዙት፤ መገጣጠሚያው ላይ ቀጭ ቀጭ ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት። ድምፁ ከሁለቱም ስፒከሮች መውጣቱንም አረጋግጡ። (ወደ አገር ቤት ለምትልኩ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ነው። የአክስቴ ልጅ ያለ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ 220 ላይ ሰክቶት ጭሱን በቪዲዮ ላከልኝ።)

ሚክሰር ስትመርጡ መታየት ያለበት ክሮስፌደሩ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ድምፁን የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ባጭሩ ፌደር የሚባለው ማለት ነው። አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ሲነቃነቅ ድምፁ ወዲያው መከፈት አለበት። ቀስ እያለ የሚከፍት ለሠርግ ዘፈን ቅብብሎሽ ይሆናል፤ ለስክራች ግን ደንቆሮ ነው።

ማጫወቻውን ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙሩት፤ ክንዱ ወደ ማዶ ስለሚሄድ እጃችሁ አይመታውም። ከሸክላው ሥር ስሊፕማት (ሸክላው በሳህኑ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ስስ ምንጣፍ)፣ ከስሊፕማቱ ሥር ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ቀጭን ፕላስቲክ አንጥፉ። የመርፌውን ክብደት አምራቹ ከጻፈው ከፍተኛ ልክ አታሳልፉ። መርፌው ሲዘል በላዩ ሳንቲም የሚጭኑ አሉ፤ የሚፈጩት የራሳቸውን ሸክላ ነው።

ዲጄው ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ስክራችን ያገኘው፣ ራሱ እንደሚያወራው፣ እናቱ ስትቆጣው ሸክላውን በእጁ ይዞ ባቆመበት ቅጽበት ነው። የመጀመሪያው ትምህርትም ይኸው ነው፦ ሳህኑ ከሥር እየዞረ ሸክላውን በጣት ጫፍ ብቻ ማቆም። ሳህኑ አብሮ ከቆመ ተጭናችኋል። ይህ ሲለምድ ድምፁ የሚጀምርበትን ቦታ በትንሽ ወረቀት ምልክት አድርጉና ፌደሩን ሳትነኩ ወደፊትና ወደኋላ ግፉ፤ ቤቢ ስክራች የሚባለው ነው። በደቂቃ 80 ምት ላይ፣ በእያንዳንዱ ምት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ሦስቱ አልያዝ ሲለኝ በችክችካ ምት ላይ ተለማመድሁት፤ ትከሻዬ ያውቀው ስለነበር እጄ በሦስት ቀን ተከተለው።

ቀጥሎ ቺርፕ የሚባለው ስክራች ይመጣል። ፌደሩ ክፍት ሆኖ ሸክላውን ትገፋላችሁ፤ እየገፋችሁ ትዘጋላችሁ፤ ስትመልሱ ትከፍታላችሁ። በትክክል ከተሠራ እንደ ወፍ ጭውጭው ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ጓ» የሚል ነገር ከተሰማ ዘግይታችሁ ዘግታችኋል። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ እዚያም ሁለቱ እጆች የተለያየ ሥራ ይዘው ነው አንድ ድምፅ የሚያወጡት። እኔን አራት ወር ፈጅቶብኛል። ትራንስፎርመር፣ ፍሌርና ክራብ የሚባሉት ከበድ ያሉ የስክራች ዓይነቶች ከዚህ በኋላ ይመጣሉ፤ ፌደሩን በብዙ ጣት ተራ በተራ በመምታት በሚሠራው በክራብ የሚጀምር ጣቱ ይፈጥናል እንጂ ምት አይጠብቅም።

በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ግን እየቀረጻችሁ። ሲሠሩት ያማረ የመሰለው በማግስቱ ሲሰማ ያሳፍራል።

መለማመጃ ሸክላ ደግሞ ለብቻው ግዙ። አባቴ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች አሉት፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው አምሃ ሬከርድስ የታተሙም አሉበት። አንዱን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለአንድ ከሰዓት ፈቅሁት። መግቢያው ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል እስከ ዛሬ ፍሽሽ ይላል፤ አባቴ ባጫወተው ቁጥር እዚያ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ያየኛል።